ነፋሱን አትፍሪ

ውድ ልጄ ዴሊያ፣

«ይሄ ሰውዬ እኮ ኢየሱስን ከተጠበሰ ዳቦ ውስጥም ቢሆን ፈልጎ ያወጣዋል።»

ስለ እኔ እንዲህ ያለችው እህት ናዲን ናት፤ በቤተ ክርስቲያናችን ኩሽና፣ ጀርባዋን ወደ በሩ አዙራ ድንች ስትልጥ። በሩ ላይ ቆሜ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ምስጋና ነው ብዬ ተቀበልኩት። ለብዙ ሳምንታትም ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ሰነበትኩ።

ከሁሉ በፊት፣ ሃድሊ ደህና ናት። ዓይንሽ የላይኛውን ሁሉ ዘሎ መጀመሪያ እዚህ እንደሚያርፍ ስለማውቅ ነው ለብቻው የጻፍኩት። ልጅሽ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እኔን ታርማለች። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ ዴሊያ። በዚህ ዕድሜዬ መፍራት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሐኪም እፈራለሁ፣ መሰላል እፈራለሁ፣ የእህት ናዲንን የድንች ሰላጣ እፈራለሁ። እንዲህ ግን ፈርቼ አላውቅም።

እሑድ ስትደውዪ ያልነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው። ብነግርሽ የምትሮጪበት የለሽም፤ በነርስነት የምትሠሪበት መርከብ ላይ ነሽ፣ ዙሪያሽ ባሕር ነው። ደብዳቤ ግን ያስቀምጡታል፣ ደግመው ያነቡታል፣ ይናደዱበታል፣ ከዚያ ነው የሚመልሱለት። በዚያ ላይ ሃድሊ ስልክ ሳወራ ጆሮዋ ቅርብ ነው።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ በቤተ ክርስቲያን የያዝኩትን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ ከዚህ በፊት ስነግርሽ ሳቅሽን ስታፍኚ ሰምቻለሁ። በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ቤተሰቡ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፎ አንድ የካርቱን ፊልም ያያል፤ ስድብ የሌለው፣ ደም የማይፈስበት፣ መሳሳም ቢኖርም እንኳን በዳክዬዎች መካከል የሆነ። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራል፣ እኔ እነሣለሁ፣ ውስጡ የተደበቀውን የወንጌል ቁም ነገር አውጥቼ ለልጆቹ አሳያለሁ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች እዚያ እንደደበቁት የሚያውቁ አይመስለኝም። ይህ ግን አግዶኝ አያውቅም።

ጎማውን አውልቆ ለተበላሸው አውቶቡስ የሰጠው የቆሻሻ መኪና ነበረ፤ ራስን አሳልፎ መስጠት አልኩ። የአባቱን ለውዝ ጠቅልሎ ከተማ ገብቶ፣ ጨርሶ፣ አንገቱን ደፍቶ የተመለሰው ሽኮኮ ነበረ፤ እሱ ላይ ብዙም አልደከምኩ። የአጎቱን ልጅ የበላበትን ቀበሮ ይቅር ያለው ዳክዬ ነበረ፤ ጸጋ አልኩ። የተበላው የአጎት ልጅ አስተያየት አልተጠየቀም።

ዕድሜዬን በሙሉ ላቲን ነው ያስተማርኩት፣ ላቲን የሚነበበው መድኃኒት ቤት ብቻ በሆነበት ከተማ። ተማሪዎቼ መስኮት መስኮቱን እያዩ ነው ያደጉት። አሁን ግን በጡረታዬ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ልጅ አፉን ከፍቶ ያዳምጠኛል። ይህ ሰውን ምን ያህል እንደሚያሰክር አንቺ ነርስ ነሽና በሌላ ስም ታውቂው ይሆናል።

የዚህ ወር ፊልም ስለ አንዲት ዘር ነበር። አጥራችን ሥር የምትበቅለውን ቢጫ አበባ ታስታውሻለሽ፤ ስትደርቅ ነጭ ጥጥ የምትመስለውን፣ እፍ ሲሏት የምትበተነውን። ልጅ ሳለሽ ሣር ባጨድኩ ቁጥር «እሷን አትንካት» እያልሽ ከማጨጃው ፊት ትቆሚ ነበር። ፊልሙ ላይ እህት ወንድሞቿ ሁሉ በነፋስ ሲሄዱ ይህችኛዋ ዘር ግንዷን አቅፋ አልሄድም ትላለች። በረዶ ይወርድባታል፣ ወፍ ይነክሳታል፣ አትለቅም። በመጨረሻ ትልቁ ነፋስ ይመጣል። ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እጇን ትከፍታለች። ነፋሱ ተሸክሟት በኮረብታ ላይ አልፎ እሳት የበላው ጥቁር መሬት ላይ ያሳርፋታል፤ መሬቱም በቢጫ አበባ ይሸፈናል።

አዳራሹ አለቀሰ። ጎረቤታችን ወንድም ዶይል እንኳን ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። «አቧራ ነው» አለኝ።

ተነሣሁ። ወንጌሉ መጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ ነፋስና መንፈስ አንድ ቃል መሆናቸውን ነገርኳቸው። ያቺ ዘር እኛ ነን አልኩ፤ የያዝነውን አንለቅም ብለን የምንደርቅ። ከዚያም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ስለዚህ ልጆች፣ ነፋሱ ሲመጣ ምን እናደርጋለን?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እንለቃለን» አሉ በአንድ አፍ።

«እንፈራለን?»

«አንፈራም።»

ይህን ያስተማርኩት ኦክላሆማ ውስጥ ነው ዴሊያ። በኤፕሪል ወር፣ አውሎ ነፋስ ቤት በሚነቅልበት ወቅት። ከወላጆቹ አንድ ሰው እንኳን እጁን አውጥቶ «ወንድም ኦርቪል፣ ትንሽ ቆም በል» አላለኝም። አሜን ነው ያሉኝ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ። የምልሽን አረንጓዴ ታውቂዋለሽ፤ ዝገት የያዘው መዳብ ዓይነት። ወፍ ዝም አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ የአየር ሁኔታ የሚነግረን ሰውዬ ኮቱን አወለቀ። ቀጥሎ እጅጌውን ጠቀለለ። እጅጌውን ሲጠቀልል የአውሎ ማስጠንቀቂያ ሳይረኑን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቢሆንም ወዲያው ጮኸ።

በእኛ ሰፈር ሳይረን ሲጮህ ወንዶቹ የሚያደርጉትን አልረሳሽም። ዶይል በረንዳው ላይ ወጥቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል፣ የሰልፍ ትርኢት እንደሚያይ ሰው።

«ኦርቪል፣ ይሄ የኛ አይደለም። ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለህ ነበር።»

«ባለፈው የወሰደው የዶሮ ቤቱን ብቻ ነው።»

«ዶሮዎቹስ?»

«እነሱ የት እንደሄዱ ማን ያውቃል? ደልቷቸው ይሆናል።»

የሃድሊን እጅ ይዤ በጓሮ በኩል ከመሬት በታች ወዳለው የአውሎ መጠለያ ሄድኩ። ቢጫውን የዝናብ ካፖርቷን ለብሳለች። የብረቱን በር ከፈትኩና «ሸረሪት እንዳለ ቀድሜ ልይ» ብዬ ደረጃውን ወረድኩ፤ ሸረሪት እንደምትጠላ ታውቂያለሽ። ፋኖሱን አበራሁ። የድር ክር በመጥረጊያ ጠረግኩ። «ነይ» አልኩ። ቀና ስል በሩ ላይ ሰማይ ብቻ ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ስሟን ጠራሁ፤ ድምፄ ከአፌ ሲወጣ ነፋሱ ነጠቀው፣ እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ቢጫ ነገር ፈለግኩ። ከጓሮው ጫፍ፣ ሜዳው ከሚጀምርበት አጥር ሥር ቆማለች። በአንድ እጇ የአጥሩን ቋሚ ይዛለች። ሌላው እጇ ክፍት ነው። ፊቷን ቀና አድርጋለች። ከእሷ ወዲያ፣ ከሜዳው ማዶ፣ ከደመናው እስከ መሬት የወረደው ነገር አለ።

ትንሽ ልጅ ሳለሽ ያስተማርኩሽን አስታውሺ፦ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲሄድ ካየሽው ጥሩ ነው፤ የቆመ ከመሰለሽ ወደ አንቺ እየመጣ ነው።

የቆመ መሰለኝ።

ሮጥኩ። ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሩጫ ስለው ሌላ ስም ስለሌለኝ ነው። ስደርስ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ፍርሃት እንኳን ቢታይባት ምን ነበረበት አልኩ።

«አባባ፣ ቆይ። ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና?»

«ቆይ አልኩህ እኮ።»

ከቋሚው ላይ ጣቷን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኩት። ወገቧን አቅፌ አነሣኋት። በእግሯ ሆዴን መታችኝ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ «አውርደኝ፣ እያየሁት ነበር» ብቻ ትላለች። ተሸክሜያት ስመለስ ያ ክፍት እጇ ትከሻዬ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የዘሯ እጅ እንዲሁ ነበር ፊልሙ ላይ። በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ያ ትንሽ መዳፍ ነው ያስፈራኝ፤ ከኋላችን ከሚመጣው በላይ።

በሩን ከላያችን ዘጋሁ። ጆሮአችን ተደፈነ። ባቡር ይመስላል ይላሉ ድምፁን፤ አይመስልም። ባቡር የሚሄድበት ቦታ አለው። ሃድሊ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አኮረፈች። ልክ ከሱቅ ሳልገዛላት እንደወጣሁ ነው ያኮረፈችው።

«አልፈራሽም?»

«አልፈራሁም።»

«ለምን?»

ላቲን ክፍል ውስጥ እኔ ሰነፍ ተማሪ የማይበትን ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወዲያኛው ወገን ሆኜ አየሁት። «ምን ያስፈራል?» አለችኝ።

ስንወጣ ላሞቹ የሚያድሩበት የዶይል ጎተራ ጣሪያ የለውም። ጣሪያው እኛ ሜዳ ውስጥ ተገልብጦ ተኝቷል፤ አጥሩ፣ ከነቋሚው፣ ሥሩ ነው። ሰው አልሞተም፤ ላም አልሞተም። ዶይል በረንዳው ሥር ከተደበቀበት ጭቃ ለብሶ ወጣና ጎተራውን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ለካ የኛ ነበር» አለ።

አሁን የፈራሁትን በትክክል ልንገርሽ። ያለፈውን አይደለም የምፈራው፤ እሱስ አለፈ። የምፈራው የሚቀጥለውን ነው። ልጅቷ አትፈራም። ያን ፍርሃት፣ አንቺ ያን ያህል የነበረሽን፣ ሳይረን ሳይጮህ ድመቷን ትራስ ልብስ ውስጥ ከትተሽ መጠለያው በር ላይ ተቀምጠሽ የምትጠብቂበትን ፍርሃት፣ ከልጅሽ ውስጥ ነቅዬ አውጥቼዋለሁ። በካርቱን። በጥያቄና መልስ። በአሜን ታጅቤ።

ልመልሰው ሞከርኩ። በማግስቱ እጇን ይዤ ጎተራውን አሳየኋት። ጣሪያውን፣ የተጣመመውን ቆርቆሮ፣ ግንድ ውስጥ የተሰካውን ገለባ። በጥሞና አየችና ላሞቹ የት እንደሚያድሩ ጠየቀችኝ። ቁርስ ላይ ደግሞ ነቢዩ በዋሻው ደጃፍ የቆመበትን ታሪክ ነገርኳት፤ ተራራ የሚሰነጥቅ ነፋስ መጣ፣ ጌታ ግን በነፋሱ ውስጥ አልነበረም። ይህን ስናገር ምን እንደተሰማኝ ገምቺ። ጌታን በቆሻሻ መኪና ውስጥ ያገኘሁት ሰውዬ ነኝ አሁን እዚህ ቦታ የለም ብዬ የምምል።

«ገባሽ? ነፋሱ ውስጥ አልነበረም።»

«አውቃለሁ አባባ። ወተት ጨምርልኝ።»

የረቡዕ እራት ላይ ፓስተራችንን ለብቻው ይዤ፣ ልጆቹን ሰብስቤ አንድ ነገር ላርም አልኩት።

«ምኑን ነው የምታርመው?»

«ነፋስ ፍሩ ልላቸው ነው።»

ፓስተር ሹካውን አስቀመጠ። «ወንድም ኦርቪል፣ ትምህርቱ እኮ ግሩም ነበር። ሰው ተባርኮበታል። ሚዛን እንጠብቅ።»

ዶይል ከጎኑ ሆኖ በቆሎውን እያኘከ ሰምቶ ኖሯል። «ባለፈው አትፍሩ አልክ፣ ዛሬ ፍሩ ልትል ነው። በሚቀጥለው ወር ምን ልትል ነው?»

«ጎተራህን ጠይቀው» አልኩት።

«እሱማ ለቀቀ» አለኝ። «በትምህርትህ መሠረት።»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፣ ፓስተርም ጭምር። እኔ ሳህኔን አንሥቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሳይረኑ ለሙከራ እንደሚጮህ ታውቂያለሽ፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰው መኪና እያጠበ፣ ማንም ቀና አይልም። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ጮኸ። ዞር ስል ሃድሊ ቢጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቁልፎቿን እስከ አንገት ቆልፋ፣ የጓሮውን በር እጀታ ይዛለች።

«ሙከራ ነው» አልኳት።

እጀታውን ለቀቀች። ቅር አላት። «እና እውነተኛው መቼ ነው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ አናት ላይ፣ እጇ የማይደርስበት፣ መቀርቀሪያ አድርጌያለሁ። ወንበር መውጣት እንደምትችል አውቃለሁ፤ ወንበሮቹን በየተራ ሌላ ክፍል አስገብቼ ቆሜ ነው የምበላው። መኪና ስነዳ አንድ ዓይኔ ሰማይ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ሰዓቱ ሳይደርስ ሄጄ እቆማለሁ፤ ጠባቂው እኔን መጠርጠር ጀምሯል። ደመና ያለበት ቀን ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም። ዛፍ ሲወዛወዝ ሃድሊ የት እንዳለች ለማየት እነሣለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ሜዳ ላይ ኖሬ ከነፋስ ጋር አሁን ገና ተዋወቅኩ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። በራስሽ እጅ ጻፊላት። ነፋስ ፍሪ በያት። ድመቷን፣ የትራስ ልብሱን፣ እንዴት ትንቀጠቀጪ እንደነበር ንገሪያት። ከእኔ አትቀበልም፤ አትፍሪ ብሎ ያስተማረ ሰው ተመልሶ ፍሪ ሲል ልጅ ዓይኑን አይቶ ያውቃል። ከአንቺ ትቀበላለች። ያልሽው ነገር ሁሉ ለእሷ የማይሻር ቃል ነው። ወደ እህቴ ወደ ሜዊስ ልላካት ካልሽም እልካታለሁ፤ እዚያ አውሎ የለም፣ ያለው ሜዊስ ብቻ ናት። አልቀየምም። ቤቱ ዝም እንደሚል አውቃለሁ፤ ዝም ይበል።

እኔም ቃል እገባልሻለሁ። ከእንግዲህ ካርቱን ውስጥ ምንም አልፈልግም። ዳክዬው ዳክዬ ይሁን፣ ዘሯም ዘር ትሁን። ጌታ እዚያ ካለ ያለ እኔ እርዳታ ይታያል።

በሰላም ግቢልኝ።

አባትሽ ኦርቪል

ዴሊያ፣ ፖስታውን ሳላሽገው እህት ናዲን መጣች። የሃድሊን ሹራብ ይዛ ነበር፤ የፊልሙ ዕለት ኩሽና ረስታው ነው አለችኝ።

«ኩሽና ምን ትሠራ ነበር?»

«ፊልሙን አላየችማ። ሆዴን አመመኝ ብላ ገና ሳይጀመር ወደ እኔ መጣች። ደህና ሆና ከእኔ ጋር ዕቃ ስታጥብ ነው ያመሸችው። ይቅርታ አድርግልኝ ወንድም ኦርቪል፣ ትምህርትህንም አልሰማንም። የቧንቧው ድምፅ።»

ከሃድሊ ጋር ቤት ውስጥ ስለ ፊልሙ አውርተን እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አላወራንም። አልጠየቀችኝም፤ እኔም ያየች መስሎኝ አልነገርኳትም።

ናዲን ከሄደች በኋላ ገባሁ። ሃድሊ ወለሉ ላይ ተኝታ መርከብ ትሥላለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ያን ዕለት ለምን ወደ አጥሩ እንደሄደች ጠየቅኳት። እስከ ዛሬ እንዲህ ብዬ ጠይቄያት እንደማላውቅ ያኔ ነው የታወቀኝ።

እርሳሷን ሳታነሣ መለሰችልኝ። «እማዬ በስልክ አውሎው ሲያልፍ እመጣለሁ ብላኛለች። ሲያልፍ ልቀበላት ነው የወጣሁት።»

ያልሻት የአውሎው ወቅት ሲያልፍ ሳይሆን አይቀርም። ወቅቱ የሚያልፈው ጁን መጨረሻ ላይ ነው።